ከፐርዝ ኮተቤ፦ ጀምበር አልጠልቅ ያለችበት ሐሙስ

ሐሙስ ንጋት፣ ፐርዝ

ወንድሜ ሰለሞን ሻንጣ ሲጭን አባዬ መኪናዋን እየዞረ ጎማዎቿን በእግሩ ይመታል። ሠላሳ ዓመት በደሴ መስመር አውቶቡስ ነድቷል፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከላምበረት መናኸሪያ ነበር የሚነሳው። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ጎማ ሳይመታ ግን መኪና ውስጥ አይገባም። ሰለሞን ለምዶታል። የአውስትራሊያ ጎረቤቶቹ ግን ሦስት ወር ሙሉ መጋረጃ ገለጥ እያደረጉ ሲያዩት ከርመዋል።

የመጣነው ለሰለሞን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ነበር። አሁን ወደ ኮተቤ፣ ወደ ቤታችን እየተመለስን ነው። ዘንድሮ የእኛም የፈረንጆቹም ፋሲካ በአንድ ቀን ስለዋለ ትኬት ማግኘት ጭንቅ ሆኖ፣ የተገኘው ሁለት ቦታ አውሮፕላን የሚያስቀይር ነው። መጀመሪያ ሲንጋፖር፣ ቀጥሎ ዱባይ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ቀኑ ደግሞ ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ አባዬም ጀምበር እስክትጠልቅ ይጾማል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አባዬ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስኳር አለበት። ሐኪሙ ጾሙን ማስተው ሲያቅተው ኪኒኑን ወደ ማታ አዛወረለትና ለእኔ አንድ ትእዛዝ ሰጠኝ። ጀምበር እንደጠለቀች ወዲያው ይብላ፤ ከዚያ ካሳለፈ ይወድቅብሻል አለኝ። የንስሐ አባቱ ደግሞ ገና ከኮተቤ ስንነሳ መንገደኛ ስለሆንክ መንገድ ላይ ብላ ብለውት ነበር። አባዬ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አወጣው።

የሰለሞን ሚስት ሄለን ማታ ለሚበላው ብላ አንድ ኪሎ የሚሆን በሶ በላስቲክ ቋጥራ በእጅ ቦርሳዬ ከተተችልኝ። ኤርፖርት ደርሰን ሰለሞን አባቱን አቅፎ ሲያለቅስ፣ አባዬ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገውና ፍሬንህ ይጮሃል፣ አሳየው አለው። የእኛ ቤት ስንብት እንዲህ ነው።

ረፋድ፣ ወደ ሲንጋፖር

አባዬ የመስኮቱን ወንበር ይዟል። አውሮፕላኑ ሲነሳ ዐይኑን አልጨፈነም፤ ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንደሚነዳና ተለዋጭ እንዳለው ጠየቀኝ። ሁለት ናቸው ስለው ደስ አለው። ደሴ መስመር ላይ ብቻውን ነበር የሚነዳው፤ እንቅልፍ ሲመጣበት ረዳቱ ጮክ ብሎ እንዲያወራ ያደርግ እንደነበር ነገረኝ።

ቁርስ መጣ። እንቁላልና ድንች፣ ትንሽ ዳቦ፣ ብርቱካን። አስተናጋጇ ሁለት ጊዜ አለፈች፤ ሁለቴም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመስግኖ መለሳት። እኔም የምጾመው ከእሱ ጋር ነበር፤ በጠዋቱ ሆዴ ይጮህ ጀመር።

ሲንጋፖር ስናርፍ መሬት መንካታችን እንኳ አልታወቀንም። አባዬ የሹፌሩን እጅ አደነቀ።

ቀትር፣ ሲንጋፖር

የሲንጋፖር አውሮፕላን ማረፊያ ምንጣፍ ለብሷል፤ ከተማ ያህላል፤ መጥፋትም ቀላል ነው። የበዓል ሕዝብ ነው። ለፈረንጆቹ ፋሲካ የጥንቸል ጆሮ ያደረጉ ሕፃናት፣ ሻንጣ ላይ ተቀምጠው የሚተኙ ወጣቶች፣ ስልካቸውን ግድግዳ ላይ ሰክተው መሬት ላይ የተኮለኮሉ ቤተሰቦች። ለዱባዩ በረራ ስንፈተሽ የሄለን በሶ ጣጣ አመጣ።

ፈታሹ ላስቲኩን አነሳው፤ ገለባበጠው፤ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው አለቃውን ጠራ። አለቃዋ አጠር ያለች፣ ጥቁር ዩኒፎርሟን ጥንቅቅ አድርጋ የተኮሰች ሴት ናት። የተቆላ የገብስ ዱቄት ነው፣ ይበላል አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች፤ ዱቄቱን ግን አልለቀቀችም። ምግብ መሆኑን በዐይኗ ብታየው ይሻላል ብዬ አባዬን አንዴ ቅመስላት አልኩት። ጨረቃ ላይ ውጣ ያልኩት ይመስል አየኝ።

የቀረሁት እኔ ነኝ። በሁለት ጣቴ ቆንጠር አድርጌ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። ደረቅ በሶ የቃመ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈና ሳል ያዘኝ፤ ሳሉ ዱቄቱን የሴትዮዋ ደረት ላይ በተነው። ሰልፉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እሷ ዩኒፎርሟን አራግፋ እስክትስቅ ድረስ ያለፈው ጊዜ ረጅም ነበር። ላስቲኩን አስራ መለሰችልኝ። አባዬም የአንቺ ጾም እንግዲህ ተፈታ አለኝ፤ ፈገግ ሲል ከንጋት ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

በሩ እስኪከፈት ጎን ለጎን ተቀመጥን። የእኔ ከተፈታ የእሱንም ላስፈታ ብዬ ሞከርኩ።

“አባዬ፣ መንገደኛ ነህ እኮ። ተፈቅዶልሃል።”

“ሠላሳ ዓመት መንገደኛ ነኝ እያልኩ በላሁ” አለ። “ገና በጠዋቱ ደብረ ሲና ላይ እበላ ነበር። እናትሽ የራሷንም የእኔንም ትጾም ነበር። ዘንድሮ እሷ የለችም። የራሴን ራሴ ልጹም።”

እናቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። ሦስት ወር ሙሉ ስሟን ሲያነሳ ይኼ የመጀመሪያው ነው። በሶውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ

ከሲንጋፖር የተነሳነው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱ ከፐርዝ ጋር አንድ ነው፤ ስልኬንም አልለወጥኩትም። ሰዓቱን ስቆጥር ግን አንድ ነገር ልብ አላልኩም ነበር። አባዬ ነው ቀድሞ የነቃው።

“ይቺ ፀሐይ ቆማለች” አለኝ።

እውነቱን ነው። ወደ ምዕራብ ስለምንበር ፀሐይዋን እየተከተልናት ነው፤ እሷ ዝቅ ልትል ስትል እኛ እንደርስባታለን። ስልኬ የምሽት አስራ ሁለት ሰዓት ይላል፤ ሰለሞን ይኼኔ መብራት አብርቷል። በአባዬ መስኮት ግን ገና ከሰዓት ነው፤ ደመናው ከታች ነጭ ሆኖ ያንጸባርቃል።

የተነሳንበት አገር መሽቷል፣ ጾሙንም እዚያ ነው የጀመርከው፣ ስለዚህ ብላ አልኩት። አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሰባት ሰዓት፣ ገና ምሳ ሰዓት ነው። በመናገሬ ራሴን ረገምኩ። እሱ ግን በአዲስ አበባም በፐርዝም አልከራከርም፣ እኔ ያለሁት እዚህ ነው፣ እዚህ ደግሞ ፀሐይ አለች አለና ወደ መስኮቱ ዞረ። ሹፌር መንገዱን እያየ እንጂ ካርታ እያየ አይነዳም ሲል የሚከራከረኝ የደሴ መስመሩ ሹፌር እንደሆነ ገባኝ።

አስተናጋጆቹ ሰው እንዲተኛ መስኮት ዝጉ ብለው ነበር። ሁሉም ዘጋ፤ አባዬ ብቻ አንድ ስንዝር ክፍት አስቀረ። በዚያች ስንዝር ብርሃን ስር ፊቱን እያየሁ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ወሬ አቆመ። ቀጥሎ ግንባሩ አላበው። እጁን ስይዘው ቀዝቃዛ ነው፤ ጣቶቹ በትንሹ ይንቀጠቀጣሉ። ዐይኑን ጨፈነ። ዱባይ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይቀራል፤ ፀሐይዋም ከዚያ በፊት የመጥለቅ ሐሳብ የላትም።

ስኳሩ መውረዱ ነው፤ ፈራሁ። በአንድ ዓመት ሁለት ወላጅ መቅበር አልችልም። እጄን በላዩ አሳልፌ መስኮቱን እስከ ታች ዘጋሁት። አስተናጋጇን ውሃና ስኳር ጠይቄ በሶውን በብርጭቆ በጠበጥኩ፤ ግማሹ ጭኔ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ትከሻውን ነካሁት።

“አባዬ፣ ጠልቃለች። ብላ።”

“ጠለቀች?”

“ጠለቀች።”

አውሮፕላኑ ውስጥ ጨለማ ነው። የተዘጋውን መስኮት አየ፤ እኔን አየኝ፤ ብርጭቆውን የያዘውን እጄን አየ። አማተበና ተቀብሎኝ እስከ መጨረሻው ጠጣ። ኪኒኑን ሰጠሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እጁ ሞቀ፤ ላቡም ደረቀ። ዳነልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ያለ እናቴ የጀመረውን የመጀመሪያ ጾም በውሸት አስፈታሁት። ሲያንቀላፋ መስኮቱን በክንዴ ደግፌ ተቀመጥኩ፤ ድንገት እንዳይከፍተው።

ምሽት፣ ዱባይ

አውሮፕላኑ ከሕንፃው ርቆ ስለቆመ በደረጃ ነው የወረድነው። ይኼንን አላሰብኩም ነበር። አባዬ ከፊቴ ነው፤ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፀሐይዋ ቀይ ሆና ከአሸዋው በላይ አለች። ብዙ አይደለም፣ አንድ ክንድ ያህል ብትሆን ነው፤ ግን አለች። ከኋላችን ሕዝቡ ይገፋል።

ለጥቂት ጊዜ አያት። ከዚያ የደረጃውን ብረት ይዞ መውረድ ጀመረ። ወደ እኔ አልዞረም። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተን አባዬ ብዬ ልጀምር ስል ቦርሳውን አጥብቀሽ ያዢ፣ ሰው ብዙ ነው አለኝ።

አዲስ አበባ እስክንገባ ከዚያ ሌላ አልተናገረም። እኔም ይቅርታ የምለውን ሰው ፊት ማየት አቅቶኝ የበረራ መጽሔት አገላብጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ስለ አንድ ሆቴል መዋኛ አነበብኩ።

ዓርብ ጠዋት፣ ከቦሌ ኮተቤ

ብርድ አለ። የስቅለት ጠዋት ስለሆነ ከተማው ጭር ብሏል። መገናኛ፣ በሌላ ቀን ሰው ለሰው የሚጋፋበት፣ ዛሬ ጥቂት ሚኒባሶች ብቻ ቆመውበታል፤ ወያላዎቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጠሩት። ነጠላ የለበሱ ሰዎች በእግረኛው መንገድ ዳር ዳሩን ወደየደብራቸው ይሄዳሉ። ከሰሜን የእንጦጦ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ተቀምጧል።

የራይድ ሹፌሩ ወጣት ነው። አባዬ ከፊት ተቀምጦ አብሮት ስለ ነዳጅ ሰልፍና ስለ አዲሱ የብስክሌት መንገድ ያወራል፤ ላምበረት ስንደርስ ዝግ ብሎ እንዲነዳ ጠየቀውና መናኸሪያውን እያየ አለፈ። ለሹፌሩ ያልነፈገውን ወሬ ለእኔ ነፈገኝ። ቤት ደርሰን ተጣጥቦ ነጭ ለበሰና ወጣ። ከኋላው ተከተልኩት፤ ወደ ደብሩ የሚያወጣው ዳገት ላይ ሁለቴ ቆሞ ተነፈሰ፤ ክንዱን ልይዘው ስል መቋሚያውን ወደ እኔ ጎን አዛወረው።

ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት፣ ደብሩ ግቢ

ቀኑን ሙሉ ሲሰገድ ውሎ ማብቂያው ላይ ምእመን ሁሉ ካህን ፊት ይቀርባል። ያጠፋውን ይናገራል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ያደርጉታል፣ የሚሰግደውንም ቁጥር ይሰጡታል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ተሰልፈናል። የአባዬ የንስሐ አባት መምሬ ታደሰ መካከል ላይ ቆመዋል፤ ያረጁ ናቸው፤ ጆሯቸው ስለደከመ ሰው ሁሉ ኃጢአቱን ጮክ ብሎ ነው የሚነግራቸው። የአባዬ ተራ ሲደርስ እኔ ከሴቶቹ ሁለተኛ ነበርኩ።

“ትናንት ጀምበር ሳትጠልቅ በላሁ፣ አባቴ” አለ።

“መንገደኛ ነበርክ። በሽተኛም ነህ። ፈቅጄልህ አልነበር?”

“መንገደኛነቱ ይቅርብኝ። ፀሐይዋ እንዳለች እያወቅኩ ነው የበላሁት። መስኮቱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ።”

ሰልፌን ትቼ ወጣሁ። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም።

“የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ። ጠልቃለች ብዬ ዋሽቼው ነው።”

አባዬ እኔን ሳይሆን መምሬን እያየ ተናገረ። “ሠላሳ ዓመት ፀሐይ ዐይኔ ላይ ስትወጣና ስትገባ ነድቻለሁ። በመስኮት መዝጋት እታለላለሁ? እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከእኔ ብሳ ፈርታለች። ለዚያ ነው የበላሁት።”

መምሬ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁም። ከዚያ ሁለታችንንም በወይራው ቸብ ቸብ አድርገው አርባ አንድ፣ አርባ አንድ ስገዱ አሉን።

ግቢው ጥግ ባሕር ዛፉ ስር ጎን ለጎን ጀመርን። ቁጥሬን እየቆጠርኩ ሰገድኩ። እኔ ስጨርስ እሱ አስራ አራት ላይ ነበር። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል፤ በመቋሚያው ተደግፎ ይወርዳል፣ በመቋሚያው ይነሳል፤ ግንባሩ አፈር ለብሷል።

“የቀረውን እኔ ልስገድልህ?” አልኩት።

“ተይ” አለ። “የራሴን ራሴ።”

ሠላሳ ሲሞላ ፀሐይዋ በምዕራብ ጠለቀች። አባዬ ቀና ብሎ አላያትም፤ ሠላሳ አንድ አለና ወረደ። ሐኪሙ ያለኝን አልረሳሁም፤ በሶውም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አርባ አንድ እስኪል ድረስ ግን ብላ አላልኩትም።