የግሪኩ ባለወፍጮ አደራ

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። እንጅባራ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ፣ የማን እንደሆነ በግልጽ ያልተጻፈበትን ፋይል አልቀበልም፤ አለቃዬም ቢሆን ይዞት ቢመጣ መልሼ እሰደዋለሁ። ባልደረቦቼ ጣጣ አብዢ ነህ ይሉኛል፤ አልዋሽም፣ ነኝ። ግን በሕይወቴ ካጠፋሁት ሁሉ ትልቁ ጥፋት "የማን ነው?" ለምትል ጥያቄ በሰጠሁት መልስ የመጣ ስለሆነ፣ ጣጣዬን ማንም አይንካብኝ።

አክስቴ ዳንግላ ነው የምትኖረው። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሰው ቢታዘበኝም እስከ ዛሬ አንቺ ነው የምላት። በወጣትነቷ ዳንግላ ውስጥ ወፍጮ የነበረው አንድ ግሪክ ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ያን ጊዜ ነጭ ሁሉ "ሙሴ" ስለሚባል የሰውዬውን ስም የጠየቀ የለም። መንግሥት ተገልብጦ ወፍጮው የተወረሰ ጊዜ፣ ሙሴ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥሎ ሊሄድ ሲል ከራስጌው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አንሥቶ ሰጣት። "የቤተሰቤ ነው፤ እስክመለስ አደራ" አላት። የመጀመሪያውን ቅጠል ገልጦም በእጅ የተጻፈ ነገር በጣቱ አሳያት። ስሙና አገሩ ነበር። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቦታውን ግን ልብ አለች።

ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሙሴ አልተመለሰም። መጽሐፉ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ክረምት ሲወጣ ሻጋታ እንዳይበላው በረንዳ ላይ ታናፍሰዋለች። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ቅጠል ትገልጥና ስሙ ያለበትን ቦታ ስማ፣ "ባለህበት ደኅና ያውልህ" ትለዋለች። እኔ ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት።

ዓይኗን ሞራ ከሸፈነው ወዲህ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣት። ሳልሞት መጽሐፉን ለእሱ፣ እሱም ከሌለ ለልጆቹ መመለስ አለብኝ አለች። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ትላለች፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞራ፣ "ስሙ እኮ እዚያው አለ። የሚያነብ ሰው ብቻ አምጣልኝ። ይኼ ሁሉ የተማረ እንጅባራ ተሰብስቦ አንድ ሰው ይታጣል?"

አንድ ሰው አልታጣም። ግሪክ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት መምህር አገኘሁና አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ይዤው ሄድኩ። አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ጣሪያችን በከሰል ማዳበሪያ ተሞልቶ ሲጫን አንድ ሰዓት ቆምን፤ መምህሩ አንድም ጊዜ አላማረረም። ቤት ስንደርስ እጁን ታጥቦ፣ አድርቆ፣ መጽሐፉን እንደ አራስ ልጅ ታቀፈው። ቅጠል በገለጠ ቁጥር ትንፋሹ ሲያጥር ይሰማኛል።

"እማማ" አላት፣ "ይህ ማተሚያ ከተጀመረ ብዙ ሳይቆይ ጣሊያን አገር የታተመ ነው። አምስት መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። የቀደሙት አባቶች ድርሳንና መልእክት ነው፣ በጽርእ፣ በጥንቱ ግሪክኛ። እንዲህ ያለው በዓለም ላይ ጥቂት ነው የተረፈው። ዳንግላ ውስጥ አየሁ ብል ማን ያምነኛል?"

"የቀደሙት አባቶች!" አለች አክስቴ፤ ፊቷ በራ። "ደግ ነገር አስቀምጦ ነዋ የሄደው። በል እሱን ተወውና ስሙን አንብብልኝ።"

መምህሩ የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጠ። ወደ መስኮቱ አዘነበለው፣ ጣቱን ሳያስነካ አየው። "እዚህ ላይ የተጻፈ ነበር፤ ተፍቋል" አለ። "በላዩ ላይ ደግሞ በግዕዝ ተጽፎበታል። ይህ መጽሐፍ የ…" ብሎ አንድ ስም ጠራ።

የጠራው የአክስቴን የክርስትና ስም ነው። እሱ አያውቅም። እኔ ግን ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተመልሶ መጣብኝ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የመጽሐፉ ስፌት ተበጥሶ፣ አክስቴ ወደ መሪጌታ ላከችኝ። መሪጌታ ብራና ጸሐፊም ደጓሽም ነበሩ። መርፌያቸውን እየሰኩ፣ "የማን ነው?" አሉኝ። ኳስ ሜዳ የሚጠብቁኝ ጓደኞች ነበሩ። "የአክስቴ ነው የኔታ" አልኳቸው። የክርስትና ስሟንም ጠየቁኝ፤ እሱንም ነግሬያቸው ሮጥኩ። በእኛ አገር መጽሐፍ እጅ ሲቀይር የቀድሞው ባለቤት ስም ይፋቅና የአዲሱ ይጻፋል። መሪጌታም ወግ አደረሱ እንጂ ሰው አልበደሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። አክስቴም ቦታውን እንጂ ፊደሉን አታውቅምና፣ ቀለሙ ደምቆ ስታየው የደበዘዘውን አደሱልኝ ብላ መርቃቸዋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል እንዲህ ነው። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት የምትስመው የገዛ ስሟን ነበር።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገኝ?" አለች አክስቴ።

መሪጌታ ናቸው ብል ይበቃ ነበር፤ ሙት አይከራከርም። አልቻልኩም። "እኔ ነኝ፤ የማን ነው ሲሉኝ ያንቺ ነው አልኳቸው" አልኩ።

በአማርኛ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ስትናደድ አዊኛዋ ነው የሚመጣው፤ እኔ ግማሹን ነው የምሰማው፣ የዚያን ቀን ግን ግማሹም በዛብኝ። ከዚያ ሻሹን ጠቅልላ ሣጥኑን ዘጋች። መምህሩን ደጅ ስሸኘው፣ "አደራህን፣ ማንም በምላጭ እንዳይነካው፤ መፋቁ ወረቀቱን አሳስቶታል" አለኝ። ሁሉም ሰው ለእኔ አደራ መስጠት የጀመረው ያን ቀን ነው።

ሦስት ሳምንት መጽሐፉን አልሳመችውም። በአራተኛው ቅዳሜ ስሄድ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ መጽሐፉ ጭኗ ላይ ሆኖ፣ አጠገቧ አዲስ ምላጭ ጠበቀኝ። ጎረቤት ልካ ያስገዛችው ነው።

"ፋቅልኝ" አለች።

መምህሩ ያለኝን ነገርኳት። ስሙ ቢፋቅም የሙሴ ስም እንደማይመለስ ነገርኳት። ሁሉንም ሰማችና፣ "የእሱ ባይመለስ የእኔ ይውጣ። ስሜ የተጻፈበትን የሰው ዕቃ ይዤ በምን ዓይኔ ፊቱ ልቆም ነው? ምግቡን የበላሁት አነሰና መጽሐፉንም በላች ይበለኝ?" አለች። እንባዋ ወረደ። አክስቴ ስታለቅስ ያየኋት በእናቴ ቀብር ብቻ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ ላታልላት አሰብኩ። ዓይኗ አያይም። ከቦርሳዬ ደብተር አወጣሁና ጭኔ ላይ ዘርግቼ በምላጩ መፋቅ ጀመርኩ።

"ደብተርህን ምን አድርግ አልኩህ?" አለች።

እጄ ቀጥ አለ።

"ሃምሳ ዓመት የገለጥኩት ነው። የቅጠሉን ድምፅ የማላውቀው መሰለህ? አንዴ ዋሽተህብኛል፤ ያኔ ልጅ ነበርክ።"

አፍሬ ደብተሩን ወረወርኩት። መጽሐፉን ተቀብዬ፣ ፊደል በፊደል፣ የምላጩን አንገት በሁለት ጣቴ ይዤ ስሟን ፋቅሁት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሹ ታብስልኝ ነበር። ሲያልቅ ቅጠሉ ከመሳሳቱ የተነሣ መስኮቱ በኩል ያለው ብርሃን አለፈበት፤ የማንም ስም አልነበረበትም። መምህሩ ሲሰማ እንደሚቆጣኝ አውቅ ነበር፤ ተቆጥቶኝም አልበቃውም።

ጣቷን መርቼ ቦታው ላይ አሳረፍኩት። ዳሰሰችው፤ ግን አልሳመችውም።

"ከእኔ በኋላ አንተ ዘንድ ነው የሚቀመጠው" አለች። "እንግዲህ እኔን እንደ መሪጌታ ቁጠረኝ። የማን ነው?"

"አክስቴ፣ ተይ አሁን…"

"የማን ነው?"

"የሰው ነው" አልኩ። "የሙሴ ነው፤ እኛ ዘንድ አደራ ነው።"

ያን ጊዜ ጎንበስ ብላ ባዶውን ቦታ ሳመችው።

"ይኼን ማለት ያን ቀን ከብዶህ ነው?" አለችኝ።