ትንሿን ድንጋይ መረጥኩ

ኢየሩሳሌም ልሄድ ነው ያልኩ ቀን ያገሩ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። መስቀል የምሸጥባት ሱቄ በር ላይ እየቆሙ፣ «ኧረ አንቺ ሴት፣ ኢየሩሳሌም እዚሁ እደጅሽ አይደለም ወይ? ጎልጎታው እዚህ፣ ዮርዳኖሱ እዚህ፣ ምን ፍለጋ ባሕር ትሻገሪያለሽ?» ይሉኛል። ሰይጣኔ ይመጣል። ፈረንጁ ከዓለም ዳር ተነስቶ የላሊበላን ድንጋይ ሊያይ ሲመጣ «ባገርህ ድንጋይ የለም ወይ?» ያለው አለ? የለም! እኔ ስሄድ ነው ነገሩ የሚጣመመው። አንዱን ጎረቤቴን «አንተ መጀመሪያ እደጅህ ያለውን ጎልጎታ ተሳለም፤ ከገና ወዲህ እግርህ ረግጦት አያውቅም» ብዬ ሸኘሁት። ሁለተኛ አልመጣም።

እኔ ይህን መንገድ ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ። መጀመሪያ ልጆቼ ይደጉ አልኩ፣ ቀጥሎ ዓለሙን የዘጋው በሽታ መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ። ልጆቼን ዳርኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፣ ፓስፖርቴን አወጣሁ። የምሄደው ብቻዬን ነው፤ ማንንም አስከትዬ እሹሩሩ ማለት አልፈለግሁም። ሻንጣዬ ሞልቷል፦ ሁለት ነጠላ፣ ለጾሙ የሚሆን በሶ፣ ለጉልበቴ የሚቀባ መድኃኒት።

የቀረኝ አንድ ወረቀት ነው። ጉዞውን የሚያሰናዱት ሰዎች «የንስሐ አባትሽ አውቃታለሁ ብለው ይጻፉልሽና ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ይቺ ደግሞ ምን ከባድ ነገር ናት ብዬ አባ ዘንድ ሄድኩ። አባ እስክሪብቶ እንኳ አላነሡም።

«እኅትሽስ?» አሉኝ።

«እኅቴ ምን ሆነች አባቴ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ቃል ሳትለዋወጡ የጌታን መቃብር ልትሳለሚ ነው? መጀመሪያ ድንጋይ ተሸክመሽ ታረቂ። አውርጂ ካለችሽ መጥተሽ ንገሪኝ፤ ያን ጊዜ እጽፍልሻለሁ።»

በገንኩ። «አባቴ ይፍቱኝና፣ ያኮረፈችው እሷ! ሰላምታ የነሣችኝ እሷ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋሁት እኔ ነኝ!»

«አንቺ ከሆንሽማ ይቅር ማለቱ አይከብድሽም» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ።

እኅቴ ታላቄ ናት፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም ነው የምላት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ እሳት ላይ እንዳለ ሽምብራ ስንጣጣ፣ እሷ ነገሩን ውጣ ዓመት ታከርመዋለች። ይምርሐነ ክርስቶስ አጠገብ ካለ ቀዬ ተድራ ነው የኖረችው። እናታችን ስትታመም ግን ወርዳ እኔው ዘንድ ሰነበተች፤ አስታመመቻት፤ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ዘጋችኝ። የእናታችን ሱቅ ለኔ ስለደረሰ ነው ብዬ ደመደምኩ። በስስት እንጂ በሌላ በምን ይሆናል?

አውሮፕላኔ ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው ጎብኚ ጭኖ ወደ ይምርሐነ የሚሄድ ሹፌር ለመንኩ። «ሰዎቹ የዋሻውን ቤተ ክርስቲያን አይተው እስኪወርዱ ብቻ ነው» አለኝ። «ጡሩንባ ስነፋ ካልመጣሽ ጥዬሽ እሄዳለሁ። ዛሬ ደግሞ ሌላ መኪና የለም።»

አታስብ አልኩት። ነገሩ እኮ የሁለት ደቂቃ ነው። ድንጋይ ማጅራትሽ ላይ ታደርጊያለሽ፣ ጎንበስ ብለሽ ይቅር በይኝ ትያለሽ፣ «አውርጂ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ» ትባያለሽ፣ አለቀ። እታለም አጥር ሥር ድንጋይ ተከምሯል። ትንሿን መረጥኩ። ላልበደልኩት በደል አንገቴን ልስበር?

እታለም ግቢዋ መሐል ተቀምጣ ገብስ ታበጥራለች። አየችኝ፤ ሰፌዱን ግን አላስቀመጠችም።

«እታለም፣ ይቅር በይኝ» አልኩ ጎንበስ ብዬ።

«ለምኑ?»

«እንግዲህ፣ ለሁሉም።»

«ሁሉም ይቺን ነው የሚያክለው?» ድንጋዪቱን በአገጯ አሳየችኝ።

ደሜ ፈላ። «ኧረ በማርያም! ሱቁን ከሆነ የምትፈልጊው ውሰጂው! ለአንዲት ክፍል ስድስት ዓመት?»

«ለሱቅሽ አፈር!» አለች። እታለም ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «እናታችን ኢየሩሳሌም ውሰጂኝ ብላ ስትለምንሽ ምን አልሻት?»

ድንጋዪቱን ማጅራቴ ላይ አስተካከልኩ።

«በይ እንጂ! እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ፤ ጓዳ ውስጥ እግሯን እያጠብኩ። ምን አልሻት?»

አስታወስኩት። ሱቁን ፈረንጅ ሞልቶት ነበር፤ ቸኩዬ ነበር። እናቴ ከጓዳ ሆና ደጋግማ ስትጠራኝ፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት፣ «እማዬ ደግሞ! ኢየሩሳሌም እዚሁ እደጅሽ አይደለም ወይ?» አልኳት። ሳቅሁም። ከዚያ ወዲያ እናቴ አላነሣችውም፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

«ለመንገድ ብላ አንድ ነጠላ አጥፋ ትራሷ ሥር አኑራ ነበር» አለች እታለም፣ ወደ ገብሷ ተመልሳ። «በሱ ነው የገነዝኳት።»

ከታች ጡሩንባው ተነፋ። አባ ወረቀታቸውን ይዘው ይጠብቁኛል፤ ታርቀናል ብላቸው ያምኑኛል። ሻንጣዬም ቤቴ በር ላይ ነው። ትንሿን ድንጋይ ወረወርኳት። ወደ አጥሩ ተመለስኩና አቅሜ የሚያነሣውን ትልቁን ፈለግሁ፤ እየተንገዳገድኩ ማጅራቴ ላይ አድርጌ ገባሁ። ጡሩንባው ደግሞ ተነፋ። ቆይቶ መኪናው ዳገቱን ሲወርድ ሰማሁት።

እታለም ታበጥራለች፤ እብቁ ፊቴ ላይ ይነሰነሳል። አውርጂ አላለችኝም። እኔም አላወረድኩም።