ግማሽ ኩንታል ማሾ

መርሳ ላይ እህል መነገድ ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር። ማሾ፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ሽምብራ ከሀብሩ ገበሬዎች ገዝቼ ለወልዲያና ለደሴ ነጋዴዎች እሸጣለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን አንድ ጆንያ በገዛ እጄ አንስቼ አላውቅም። የሚያነሱልኝ ወዛደሮች ነበሩ። እኔ ሚዛኑ አጠገብ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ኪሎውን አነባለሁ፣ እነሱ ይሸከማሉ። ወንበሩ ሁለት ጊዜ ተሰብሮ አስጠግኜዋለሁ፤ በሁለተኛው ጊዜ አናጢው ከሥሩ ብረት አስገባበትና ቀና ብሎ ሳያየኝ ሄደ።

በውፍረቴ አላፍርም ነበር። እኛ ዘንድ የወፈረች ነጋዴ ማለት የቀናት ነጋዴ ናት። ባሌ ከሞተ ወዲህ አብረውኝ የሚኖሩት እናቱ፣ አማቴ እንኳ "ልጄን ብቀብርም ምራቴ አልከሳችብኝም" እያሉ ለጎረቤት ይኩራሩብኝ ነበር።

ጦርነቱ ደርሶ ጎረቤቶቻችን በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ ሲሸሹ እኔና አማቴ ቤታችን ቀረን። በኋላ ሰው ሲጠይቀኝ "አማቴ መንገዱን አይችሉትም ብዬ ነው" እል ነበር። ውሸቴን ነው። አማቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቢሆኑም ቀጫጫና ፈጣን ናቸው፤ መንገዱን ያልቻልኩት እኔ ነኝ። ከቤት ወጥተን አስፋልቱ ጋ ሳንደርስ ትንፋሼ ተቆራረጠ፣ ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። አማቴ ጥቂት ቆመው አዩኝና "በይ ተነሺ፣ እንመለስ። የመጣው ይምጣ" አሉኝ።

ከተማችን ተይዛ የቆየችባቸውን ወራት እዚህ አልዘረዝርም። የደም ብዛት መድኃኒቴ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ፤ መጋዘኔም ተዘርፎ ባዶ ሆነ። መንገድ ተከፍቶ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ከንግዴ የቀረኝ ሚዛኑ ብቻ ነበር። ለመውሰድ ከብዷቸው ይመስለኛል።

በዚያ ሰሞን የጓሮ ክፍሌን ለአንዲት የስፖርት መምህርት አከራየሁ። ከራያ ቆቦ ገጠር የተፈናቀለች፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቁመቷ ከትከሻዬ የማያልፍ ሴት ናት። ትምህርት ቤቷ ያለበት አካባቢ ገና ስላልተረጋጋ መርሳ ከረመች። እናቷ ቆቦ ከተማ ነበሩ።

አንድ ጠዋት የቆየ ደንበኛዬ የሆነ ገበሬ ሁለት ጆንያ ማሾ አምጥቶ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ኩንታል፣ ደጄ ላይ አራግፎልኝ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው እህሌ ነው። ወዛደሮቼ ተበትነዋል፣ ሰማዩ ደመና ቋጥሯል። አንዱን ጆንያ በጆሮው ይዤ ልጎትት ብል ንቅንቅ አልል አለኝ። ላብ በላብ ሆኜ ስታገል መምህርቷ መፋቂያዋን እንደነከሰች ከጓሮ ብቅ አለች።

"ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ እትዬ።"

ቂጧን ወደ ኋላ አስወጥታ ጎንበስ አለች፤ ጀርባዋ እንደ ጣውላ ቀጥ ብሏል። ጆንያውን አቅፋ ብድግ አለችና ወደ መጋዘን አስገባችው። ተመልሳ ሁለተኛውን ወሰደች። መፋቂያዋን ከአፏ አላወጣችም።

"ይህን ጉልበት ከየት አመጣሽው?" አልኳት።

"ጉልበት እንኳ ብዙም የለኝ። አነሳሱን ተምሬ ነው። እርስዎም ይችላሉ።"

"እኔማ ራሴን ማንሳት አቅቶኛል!" ብዬ ሳቅሁ።

"እንግዲያው ከራስዎ እንጀምራለን" አለችኝ፤ እሷ አልሳቀችም።

ሚዛኑ ላይ ይውጡ አለችኝ። የስንቱን ገበሬ እህል የመዘንኩበትን ሚዛን ራሴ ረግጬው አላውቅም ነበር። ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። አንድ መቶ አራት ኪሎ። ከአንድ ኩንታል በላይ ነኝ ማለት ነው። ቁጥሩን ሌላ ሰው ሲያነበው ፊቴ ጋለ። እሷ ግን የእህል ኪሎ ለገበሬ እንደሚነገር በተራ ድምፅ "ጥሩ፣ አሁን አወቅነው" አለች።

በማግስቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬን አንኳኳች። የመጀመሪያው ትምህርት ከበርጩማ መነሳት ነበር። እጄን ሳልደገፍ፣ ተረከዜን ሳላነሳ፣ ቁጭ ብድግ። ስድስት ጊዜ ሠርቼ ጭኔ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ግድግዳ ተደግፌ ፑሽ አፕ። ከዚያ ትንሽ ከረጢት ውስጥ አሥር ኪሎ ማሾ መዝና አፉን አሰረችና እግሬ መሐል አስቀመጠችልኝ።

"በወገብዎ አይደለም። ዳሌዎን ወደ ኋላ፣ ደረትዎን ቀና፣ በእግርዎ መሬቱን ይግፉት።"

በሳምንት ሦስት ቀን እንሠራለን። በየሳምንቱ ከረጢቷ ላይ ሁለት ኪሎ ትጨምራለች፤ ስንት እንዳነሳሁ የመጋዘኑ በር ላይ በከሰል ትጽፋለች። በሌሎቹ ቀናት ከመርሳ በሲሪንቃ አቅጣጫ በአስፋልቱ ዳር እንድሄድ አዘዘችኝ። መጀመሪያ እስከ ከተማው መጨረሻ፣ ቆይቶ ከዚያ አልፎ፣ ከብዙ ሳምንት በኋላ እስከ ሲሪንቃ የምርምር ማዕከል አጥር ድረስ።

ምግብ ላይ የፈራሁትን አላደረገችም። እንጀራ ይተዉ ትለኛለች ብዬ ነበር። "የማሽላ እንጀራ ምን አጠፋ? ሦስቱን አንድ ያድርጉትና ወጡን ያብዙት" አለችኝ። ሻዬ ውስጥ የማደርገውን አራት ማንኪያ ስኳር በወር ጊዜ ወደ ምንም አወረደችው። ሱቅ ተቀምጬ የምጠጣው ለስላሳና ከእሱ ጋር የምቆርሰው አምባሻ ቀረ። ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ በፍስክ ቀን እንቁላል። በጾም ቀን ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ ያለ ልክ እንደምበላ ያወቅሁት ያኔ ነው። ማሾን ለነጋዴ የሚሸጥ እንጂ ሰው የሚበላው እህል አድርጌ አላየውም ነበር፤ እሷ ግን በሽንኩርትና በቃሪያ ወጥ ሠርታ አቀረበችልን። አማቴ ሁለት ጊዜ አስጨመሩና "ይኼንን ሁሉ ዓመት ሸጥሽው?" ብለው ተቆጡኝ።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ሰው ተሰልፎ በሚውልበት ከተማ ውስጥ እኔ ልቀንስ ብዬ ምግብ እመርጣለሁ። አንድ ቀን ከሰልፉ አጠገብ ሳልፍ ያሳፈረኝ ውፍረቴ ነው፤ ሌላ ቀን ደግሞ ስፖርቴ አሳፈረኝ። ለመምህርቷ ነገርኳት።

"እርስዎ ቢወድቁ እማማን ማን ይይዛል?" አለችኝ። "ለመዋብ አይደለም የምንሠራው።"

ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አልተጨነቅሁም። በተውኩት ለስላሳና አምባሻ ልክ፣ አቅሜ በፈቀደው ቀን ማሾ እየሰፈርኩ ለሁለት ጎረቤቶቼ እሰጥ ጀመር።

የእድር ሴቶች ግን አላረፉም። "ምን ነካሽ? ታመሽ ነው?" "የመጋዘኗ ሐዘን እኮ ነው የበላት።" አንዷ ጠበል ልትወስደኝ ቀን ቆረጠች። አማቴ መጀመሪያ ከእነሱ ጋር ወግነው ነበር፤ አንድ ማለዳ ግን ሃያ አራት ኪሎ አንስቼ ሲያዩ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ከሰል በጣታቸው እየነኩ "ይኼ የበሽተኛ ቁጥር ነው እንዴ?" አሉ። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት መልስ የሚሰጡት እሳቸው ሆኑ።

ጥጋቤም መጣ። አንድ የወልዲያ ደላላ እህል ሊያይ መጥቶ "እትዬ፣ ወዛደር የለሽም እንዴ?" ሲለኝ "ወዛደር ለምኔ!" ብዬ ግማሽ ኩንታሉን በአንድ ጊዜ መነጨቅሁት። ከወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ደላላው ደግፎ አስቀመጠኝ። ለአሥራ ሁለት ቀን ጫማዬን የሚያስሩልኝ አማቴ ነበሩ።

መምህርቷ ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። "ማን ፈቀደልዎት?"

"ደላላው እያየኝ እኮ ነው።"

"ለደላላ ብለው ወገብዎን ሊሰብሩ ነበር?"

ሲሻለኝ እንደገና ከአሥር ኪሎ አስጀመረችኝ። ተናድጄ ነበር፤ ቢሆንም ጀመርኩ። አሁን ሳስበው ስፖርተኛ የሆንኩት ሃያ አራት ባነሳሁበት ቀን አይደለም፣ ወደ አሥር በተመለስኩበት ቀን ነው።

ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። ከቆቦ በኩል ሰው ይጎርፍ ጀመር፤ ቀጥሎ የወልዲያ ሰው በባጃጅ፣ በአይሱዙ፣ በእግሩ በከተማችን መሐል አለፈ። የመምህርቷ እናት ስልክ መልስ አልሰጥ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትንቆራጠጥ ቆይታ "እንሂድ" ያለችው ግን እሷ ነበረች። ክፋቱ፣ አማቴ በዚያው ሳምንት ጭቃ አዳልጧቸው ጉልበታቸው አብጧል። መኪና ሁሉ ሞልቷል።

ጋቢ አነጠፍኩና "እማማ፣ ይታዘሉ" አልኳቸው።

"አብደሻል? ትወድቂያለሽ!"

አንድ ቀን ለጨዋታ ሚዛኑ ላይ አቁመናቸው ስለነበር ልካቸውን አውቃለሁ። "አንቱ አርባ አራት ኪሎ ነዎት። ከጆንያ ያንሳሉ።"

ጀርባዬ ላይ አዘልናቸው፤ መምህርቷ ጋቢውን አጠበቀችና ልብሱንና ምግቡን ያዘች። የውርጌሳን መንገድ ጀመርን። በእርግጥ ከበደኝ። መቶ እርምጃ ቆጥሬ አርፋለሁ፣ እንደገና መቶ። ግን ትንፋሼ አብሮኝ ነበር፤ እግሬም የምለውን ይሰማኛል። አማቴ መጀመሪያ ጸሎት ያደርሱ ነበር፤ ቆይተው ከጀርባዬ ሆነው የሚያልፈውን ሰው ሰላም ማለት ጀመሩ። አንዲት ሴት "እናትሽ ናቸው?" ብላ ስትጠይቀኝ ቀድመው "አዎ፣ ልጄ ናት" አሏት። ምራቴ ሳይሆን ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ እሳቸውን ከፊት አስቀመጠልን፤ የቀረውን እኔና መምህርቷ በእግራችን ጨረስነው።

ውርጌሳ ዘጠኝ ቀን ዘመድ ቤት ተቀመጥን። በማለዳ ከቤቱ ኋላ ድንጋይ እናነሳለን፤ የቤቱ ባለቤት በመስኮት እያየን ይስቅ ነበር። መርሳ ሳትያዝ ቀረችና ተመለስን። የመምህርቷ እናት በሕይወት እንዳሉ ከቆቦ የመጣ ሰው የነገረን ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ያን ቀን ስፖርት አልሠራንም፤ ሁለታችንም መጋዘን ውስጥ ተቃቅፈን አለቀስን።

ሰላም ወርዶ መምህርቷ ወደ ቆቦ ስትመለስ ክብደቴ ሰማንያ ሁለት ደርሶ ነበር። ጤና ጣቢያ ነርሷ የደም ግፊቴን ሁለት ጊዜ ለካችውና ሐኪሙን ጠራችው፤ መንገድ ሲከፈት እንደገና የጀመርኩትን መድኃኒት አላስቆመኝም፣ መጠኑን ግን ቀነሰልኝ። በዚያው ወር ግማሽ ኩንታሉን ደላላ ሳያየኝ፣ ደረቴን ቀና አድርጌ፣ በእግሬ መሬቱን ገፍቼ አነሳሁት። አሁን ከእድር ሴቶች ሦስቱ፣ ጠበል ልትወስደኝ የነበረችው ጭምር፣ ንጋት ላይ እኔ ጋ ይመጣሉ። አነሳሱን የማሳያቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው መምህርቷን ልጠይቃት በሚኒባስ ቆቦ ሄድኩ። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሴት ተማሪዎቿን ሰብስባ አሸዋ የሞላ ጆንያ ታስነሳለች። ልጆቹ የሴት ነገር አይደለም ብለው ያንገራግራሉ። እኔን ስታይ ፊቷ በራ።

"እትዬ፣ እባክዎ ያሳዩልኝ።"

ነጠላዬን ለአንዷ ልጅ አስያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ አምስት ጊዜ አነሳሁ። አምስተኛውን ልጆቹ ራሳቸው ቆጠሩልኝ። ነጠላዬን የያዘችው ልጅ "ዕድሜዎ ስንት ነው?" አለችኝ።

"አርባ ስምንት።"

ልጅቷ ነጠላውን መለሰችልኝና ጆንያው ፊት ቆመች። ከኋላዋ ሌሎቹ ተሰለፉ።