የእትዬ አልማዝ ዶቅማ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ቦንጋ

በሚያዝያ ወር ከቦንጋ ወደ ዋጫ የተነሣሁት ደስ ብሎኝ ነበር። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ፤ በቦርሳዬ የሞዴል ቤተሰብ ምስክር ወረቀት ይዣለሁ። ተሸላሚዋ እትዬ አልማዝ ናቸው። ዓምና ፓፓያ፣ ብርቱካንና ማንጎ የተሣሉበትን ፖስተር ሰቅዬ «በጓሯችሁ ፍራፍሬ ትከሉ» ብዬ ሳስተምር ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ነበሩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ለአራት ሰው በተሠራ ወንበር አምስት ሆነን የውሽውሽን የሻይ ማሳ አልፈን ዋጫ ገባን። እዚያ ቆጮ በአይብ በላሁና በጭቃው መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሬ ሄድኩ።

አምስት ሰዓት፣ የእትዬ አልማዝ ጓሮ

ደጃፉ ላይ ስደርስ ፀሐይ አናቴን መታኝ። ዓምና የተጠለልኩበት ትልቅ የዶቅማ ዛፍ የለም፤ ጉቶው ብቻ ቀርቷል።

«ቆረጥነው» አሉ እትዬ አልማዝ ፈገግ ብለው። «ለፓፓያው ጥላ ሆነበት። እንዳሉን አደረግን፣ ዶክተር።»

ዶክተር አይደለሁም፤ ከጤና ቢሮ ለመጣ ሁሉ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። ፓፓያዎቹ ከጉልበቴ አይበልጡም፤ ሁለቱ ደርቀዋል። ደነገጥኩ።

«ልጆቹ ዶቅማውን አይበሉም ነበር?»

«ይበሉ ነበር እንጂ። ከትምህርት ቤት ሲመጡ እዚያው ላይ ነበሩ፤ ምላሳቸው በፍሬው ይጠቁር ነበር።»

«ታዲያ ዓምና ‹ልጆች ፍራፍሬ ይበላሉ?› ብዬ ስጠይቅ ‹አይበሉም› አሉኝ።»

«ዶቅማ የዱር ነው፤ የልጅ ጨዋታ። ለመንግሥት ሰው እንዴት ይወራል? ደግሞ ፖስተሩ ላይ የለም።»

ቫይታሚኑ ከራሴ በላይ ተንጠልጥሎ፣ እኔ ዓምና ጥላው ሥር ተቀምጬ ቅጹ ላይ «ፍራፍሬ፦ የለም» ብዬ ሞልቻለሁ። «ፍራፍሬ ትከሉ» ማለቴም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት ነገር ሆነብኝ።

ሽልማቱን ለማየት የአንድ ለአምስት ቡድናቸው ሴቶች ተሰብስበው ነበር። አንዷ ጎረቤት «እኛም ዶቅማችንን ነገ እንቆርጣለን» አለችኝ፣ እንድደሰት ብላ።

«አትቁረጡ» አልኩ። «ዶቅማም ፍራፍሬ ነው፤ ቫይታሚን አለው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

የእትዬ አልማዝ ፈገግታ ጠፋ።

«አሁን ነው የሚነግሩን? የባሌ አባትም ከዚህ ዛፍ በልተው ነው ያደጉት።»

ምስክር ወረቀቱን ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። እንግዳን ባዶ እጁን መሸኘት ነውር ስለሆነም «ነገ እንቆርጣለን» ካለችው ጎረቤት ዛፍ ያስለቀሙትን ዶቅማ በኮባ ቅጠል ቋጥረው ሰጡኝ።

አመሻሽ፣ ቦንጋ

ዶቅማውን ሚኒባሱ ውስጥ ጨረስኩት። ቤቴ ገብቼ መስታወት ሳይ ምላሴ ጠቁሯል። ያ ዛፍ በእኔ ዕድሜ አይመለስም። ከእንግዲህ ግን ሰው ቤት ስገባ ቅጽ ከማውጣቴ በፊት ልጆቹን ጠርቼ «እስቲ ምላሳችሁን አሳዩኝ» እላለሁ።