ስባሪዋ ቢላዬ

ባለፈው ፋሲካ ምራቴ ጦር ኃይሎች ሰፈር ካለ ሱቅ የሚያብለጨልጭ ቢላ ገዝታ መጣች። ቢላው ሽንኩርቱን ጨፈለቀው እንጂ አልቆረጠውም። ከሳጥኔ ስባሪዋን ቢላዬን አውጥቼ ሰጠኋት። ቁመቷ ከመሃል ጣቴ ብዙም አይበልጥም፤ በዕድሜ ግን ምራቴን ትበልጣታለች።

የሠራኋት በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ ገና ድምፄ ሳይጎረንን ነው። ማንም አላስተማረኝም። አባቴ የጣለውን ያለቀ ሞረድ አንስቼ፣ ክረምቱን ሙሉ የጣራው ፍሳሽ ከሚወርድበት ደጃፍ ተቀምጬ በድንጋይ ሳልኩት። እሳት አላስነካሁትም፤ ሞረድ ከጋለ ጥንካሬውን እንደሚያጣ ራሴ ደርሼበት ነበር። እርጥብ ድንጋይና ብረት ሲፋተጉ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም፤ አሁንም ያለ አይመስለኝም።

ያኔ የሰፈራችን የቅርጫ ቢላ የጋሽ ዘርጋው ነበር፤ ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ወፍራምና ጥቁር። በየበዓሉ በሬውን የሚያርዱትም፣ ሥጋውን የሚመድቡትም እሳቸው ነበሩ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመጣው ፋሲካ አባቴን ለምኜ የበሬውን አንድ ጎን ቆዳ በራሴ ቢላ እንድገፍፍ ተፈቀደልኝ። ጋሽ ዘርጋው በሌላው ጎን ሆኑ። እሳቸው ስለቱ እየሞተባቸው ደጋግመው ወደ መሳያው ድንጋይ ተመለሱ። እኔ ቀና ሳልል ጨረስኩ።

“ዘርጋው፣ በልጅ ተበለጥክ እኮ” አለ አንዱ ጎረቤት። ሰው ሳቀ።

“እስቲ ወዲህ በላት። ቆዳ መግፈፍማ ማን ያቅተዋል” አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ታላቅን እምቢ አይባልም። ስሰጣቸው ግን በግልጽ ነገርኳቸው፦ “ጋሼ፣ ስለቷ አይሞትም፤ ግን እንደ ባሌስትራ አትለመጥም። አጥንት ላይ ከጠመዘዟት ትሰበራለች።”

“አጥንት የሚፈራ ቢላ መርፌ ይባላል” አሉኝ።

የጭኑ መጋጠሚያ ውስጥ ሰክተው ጠመዘዟት። እንደ ጠርሙስ ጧ ብላ ተሰበረች፤ ስባሪውም ጣታቸውን ጫር አደረገው። “አየህልኝ? የልጅህ ሥራ ሰው ሊጨርስ ነው” ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። ማስጠንቀቄን ሁሉም ሰምቷል። ግን በቀበሌ ስብሰባ ዝም ማለት የለመደ ሰው ሁሉ እዚያም ዝም አለ፤ ሥጋውን የሚመድቡት እሳቸው ናቸዋ። አባቴም “ተነስ፣ ጉልበታቸውን ስመህ ይቅርታ ጠይቅ” አለኝ። ሳምኩ። ሱሪያቸው ሞራ ሞራ ይሸት ነበር።

ስባሪዋን ከሣር ውስጥ ለቅሜ እንደገና ሳልኳት። ከዚያ በኋላ ጋሽ ዘርጋው በየበዓሉ ሰው እየላኩ ይዋሷት ነበር፤ ለቆዳ ብቻ። አጥንቱን በባሌስትራቸው ይለያዩታል። እንግዲህ ያልኩት ልክ ነበር ማለት አይደለም? ይህቺን ሳይተነፍሱ አረፉ፤ ነፍስ ይማር።

ዛሬ በቢላ ጉዳይ የሚከራከር የለም። በሳምንቱ ይዶለዱማል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል። ምራቴ ታሪኩን በሰማች ቁጥር “አባባ፣ ያለፈ ነገር እኮ ነው፣ ይተዉት” ትለኛለች። ባለፈው ፋሲካም ስባሪዋን አጥባ ስትመልስልኝ ስለቷን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። እንዳለ ነው። እኔም እንዳለሁ ነኝ፤ ያ ይቅርታ የሚገባው ለእኔ ነበር።