ጋሼ ተሰማን ዶሮ የጋበዝኩ ቀን

ትንሿ ልጄ ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ "ዳዲ፣ ቅዳሜ ፍሪ ነህ? የማስተዋውቅህ ሰው አለ። ሬስቶራንቱን እሱ መርጧል" አለችኝ። ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ድምጿ ነግሮኛል። ስልኩን ዘግቼ ሶፋው ላይ እንደተቀመጥኩ ብቻዬን ሳቅኩ። የነጭ ሽንኩርትና የትኩስ ዘይት ሽታ ከስንት ዓመት በኋላ አፍንጫዬ ላይ መጣብኝ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ፤ ልቤ ግን ሰናይት ዘንድ ነበር። አባቷ ጋሼ ተሰማ ጡረታ የወጡ ዳኛ ሲሆኑ፣ ከአዲስ አበባ እሷ ዘንድ ከመጡ ገና ወር አልሞላቸውም። እኔን ማየት እንደሚፈልጉ አስታወቁ። ሰናይትም እቅጩን ነገረችኝ፦ "እወድሃለሁ፤ አባዬ ካልወደደህ ግን ሶሪ፣ አላገባህም።"

የት ልጋብዛቸው? የሀበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ፌርፋክስ የማይታሰብ ነው። እዚያ አንድ ወንድ ከሴት ልጅ አባት ጋር እራት ከተቀመጠ፣ ክትፎው ሳይቀርብ ወሬው ከከተማው ማዶ ቶራንስ ድረስ ይደርሳል። እንቢ ቢሉኝ ውርደቱን የት አደርሰዋለሁ? ስለዚህ ሀበሻ አይደርስበትም ብዬ ራቅ ብሎ ጋርዴና ያለ አንድ የኮሪያ ዶሮ ጥብስ ቤት መረጥኩ። ዶሮ ያው ዶሮ ነው፣ ምን ሊከፋ ብዬ።

ሰናይት "ኦኬ፣ እናንተ ግቡ፤ እኔ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ" ብላ በሩ ላይ አወረደችን። ሙዚቃው ደረት ይመታል፤ ግድግዳው ሁሉ ቴሌቪዥን ነው፤ ከአጠገባችን ልደት ይከበራል። ጋሼ ተሰማ በሙሉ ሱፍና ከረባት በዚያ ግርግር መሀል ሲያልፉ ችሎት የሚገቡ ይመስሉ ነበር። ጠረጴዛችን ላይ ባዶ የብረት ጎድጓዳ ሳህን፣ በረዶ የሞላበት የውሃ ጆግና የወረቀት ፎጣ ተቀምጧል። ሳህኑ አጥንት የሚጣልበት እንደሆነ፣ ከጓደኞቼ ጋር መጥቼ ስለነበር አውቃለሁ። ጋሼ ተሰማ ግን ሳህኑን አዩ፣ ጆጉን አዩ፣ ፊታቸው ፈካ።

"እነዚህም ያስታጥባሉ እንዴ? ጨዋ ሕዝብ ናቸው" አሉና፣ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሁለት እጃቸውን ሳህኑ ላይ ዘረጉ። ዘርግተው ጠበቁኝ።

እንግዲህ ታናሽ እኔ ነኝ፤ ማስታጠብም የታናሽ ነው። ልነግራቸው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ተነሣሁ፣ የወረቀት ፎጣውን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጎንበስ ብዬ ማፍሰስ ጀመርኩ። በረዶው ከውሃው ጋር እጃቸው ላይ ሲወርድ ንቅንቅ አላሉም። ልደት አክባሪዎቹ መዝፈናቸውን አቆሙ። አስተናጋጇ ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰናይት የገባችው ይሄኔ ነው። ጠጋ ብላ "ምንድነው የምታደርገው?" ስትለኝ በዓይኔ ለመንኳት። ከንፈሯን ነክሳ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዶሮው መጣ። ቀይ፣ ማር የተቀባ የሚመስል፣ ሲነከስ ኮሽ የሚል ነው። አጠገቡ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ፍጁል አለ። ጋሼ ተሰማ ወደዱት። አንዱን ክንፍ ግጠው ጨርሰው አጥንቱን የት እንደሚያኖሩት ሲፈልጉ፣ ዓይናቸው ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ አረፈ። እዚያ ያለው ሳህን አጥንት ተቆልሎበታል። የእኛን አዩት፤ የእጃቸው እጣቢ ነው ያለበት። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

"ታውቅ ነበር?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"እጅዎን ዘርግተው ነበር።"

አንድ ጊዜ እጃቸውን፣ አንድ ጊዜ ሳህኑን አዩ። አበቃልኝ ብዬ ወንበሬን ወደ ኋላ ልስብ ስል ሳቃቸው ፈነዳ፤ ከሙዚቃው በላይ ተሰማ። ትልቁን ጭን አንሥተው ሥጋውን በጣታቸው ከአጥንቱ ለዩና አፌን ሞልተው አጎረሱኝ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፤ የዚያ ቤት በርበሬ ደግሞ የራሱ ጭንቀት ነበረው። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

"አየሽው? ሆደ ቡቡ ነው፤ ይሁንልሽ" አሏት ልጃቸውን። ሰናይትም እኔም አላረምናቸውም።

ለብዙ ዓመታት ያን ቀን የተፈተንኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ከፊቴ የነበሩት በማያውቁት አገር፣ ስሙን በማያውቁት ምግብ ፊት፣ ልጃቸው እያየቻቸው እንዳይዋረዱ የፈሩ አባት ናቸው። ልጄ የቅዳሜውን ሜኑ ትናንት ላከችልኝ፤ የቱ እንደሚጠጣና የቱ እንደሚበላ እንኳ አልለየሁም። ልጁን ስለ ሥራው እጠይቀዋለሁ፤ ስለ ቤተሰቡም እጠይቀዋለሁ። አንድ ነገር መሳሳቴ ግን አይቀርም፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ነው የማየው።