የአባቴ ከዘራና የእሑዱ ፊልም

በእኛ ሰፈር ሰው ፊልም አይቶ ዝም አይልም፤ ፈርዶ ነው የሚነሣ። ከሁሉ የሚያበግነኝ ደግሞ ግማሹን ተኝቶ ያሳለፈው ሰው ከሁሉ ቀድሞ መፍረዱ ነው። ይህን የምለው ንቄያቸው ነው፤ መናቄንም አልደብቅም። ራሴንም የምንቅበት ቦታ ይመጣል። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ።

ፊልሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንጅባራ በአንድ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ለሥራ ዳንግላ ሄጄ ስመለስ፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለች ፊልም መጫኛ ሱቅ ጎራ አልኩ። ባለሱቁ ከላይ እስከ ታች አየኝና “ፖለቲካ ነው፤ ለእንደ እርስዎ ዓይነት ሰው የሚሆን” አለኝ። እንዲህ ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ሞኝ ነኛ። ፍላሼን ሰጠሁት፣ ከመጀመሪያው ክፍል እስከ መጨረሻው ጫነልኝ።

የፈረንጅ ተከታታይ ድራማ ነው። አንድ ያረጁ ጠቅላይ ሚኒስትር አሉ፤ ምክትላቸው ደግሞ ፊት ለፊታቸው እየሳቀ ከኋላቸው ወንበሩን የሚጎትት ሰው ነው። በላዩ ላይ አንድ ተርጓሚ በአማርኛ ይናገርበታል። ይህ ተርጓሚ ዝምታ አይወድም። ፈረንጆቹ ጸጥ ብለው በመስኮት ሲያዩ እሱ ከሆዱ ተረትና ምሳሌ እያወጣ ይሞላዋል። እኔ እንግሊዝኛውን ስለምሰማ ዐውቃለሁ፤ ሌላው ግን ሁሉንም ሚኒስትሮቹ የተናገሩት ይመስለዋል። አንድ ሁለት ጊዜ ላስረዳ ሞክሬ “አታቋርጠን እንጂ” ስባል ተውኩት።

ቴሌቪዥኔ ከሰፈሩ ትልቁ ስለሆነ እሑድ ከምሳ በኋላ ሳሎኔ ይሞላል። ባለቤቴ ድንቹን ቀቅላ፣ ከሚጥሚጣ ጋር ታቀርብና “ፓርላማህ ተሰብስቧል፣ ግባ” ትለኛለች። ቀርተው የማያውቁት ሦስት ናቸው። አንዱ ልብስ ሰፊው ነው፤ የዕድራችንም ጸሐፊ ነው። ሁለተኛዋ ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን ናት። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

አስተያየታቸውን ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊው በመጀመሪያው እሑድ ስለ አገር አስተዳደር አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ የሽማግሌው ኮት ትከሻው ወድቋል፣ ክንዱ ረዝሟል ሲል ዋለ። ከዚያ የምክትሉ ሙሉ ልብስ መጣ፤ ሰውዬው በዚያው ልቡ ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ምክትሉ ምን ቢሠራ ልክ ነው። ወዳጁን አሳልፎ ሲሰጥ “ታዲያ ምን ያድርግ?” ይላል። ሚስቱን ሲዋሽ “ለሥራ ነው” ይላል። እንዲህ ልኩን የያዘ ልብስ የለበሰ ሰው ክፉ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ አቃተው።

መምህሩ ደግሞ ፊልሙ በተጀመረ በአሥር ደቂቃ ያንኮራፋሉ። ሰው ሲጮህ ይነቁና “ይኼማ የታወቀ ነው፤ ብዬ አልነበረም?” ይላሉ። ምን እንዳሉ የሚያስታውስ የለም፤ እሳቸውም አያስታውሱም። ጠላ ሻጯ ብቻ ናት የራሷ ዓይን ያላት። “አራት እሑድ ሙሉ አየኋቸው፤ አንድ ሰው ጠግቦ ሲነሣ አላየሁም። ምግብ ይቀርባል፣ ነገር ይጀምራሉ፣ ገበታውን ረግጠው ይሄዳሉ። እህል የማያከብር ሰው ነው ሰው የሚያስተዳድር?” አለች። ሳቅንባት። አሁን ሳስበው ከሁላችን የተሻለ ያየች እሷ ነበረች።

የእኔው ግን ከሁሉም ይብሳል። ሪሞቱ በእጄ ስለሆነ ፊልሙን እያቆምኩ አስተምራቸው ነበር።

አባቴ ከጓሮ ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። እኔ ሳላገባ ጀምሮ የዕድራችን ዳኛ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከአልጋቸው የሚያስነሣቸው ይኸው ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። እሑድ እኛ ፊልም ስናይ እሳቸው የዕድሩን ዕቃ ቤት ከፍተው የድንኳኑን ገመድና ካስማ ያያሉ፣ አግዳሚዎቹን ይቆጥራሉ፣ የሸራውን ቀዳዳ ያስጠቅማሉ። “ይምጡና ይዩ እንጂ አባባ” ስላቸው “ሐሜት እዚሁ ሰፈር ሞልቶ ከፈረንጅ አገር ማስመጣት ምን አስፈለገ?” ይሉኛል።

አንድ እሑድ በፊልሙ ውስጥ ሽማግሌው ባለሥልጣኖቻቸውን ሰበሰቡና “ደክሞኛል፤ መውረድ ሳይሻለኝ አይቀርም” አሉ። እንዲለመኑ ነው፤ ፊታቸው ላይ ይታያል። ምክትሉ ተነሣ፣ እጃቸውን ጨበጠና “ፈቃድዎን እናከብራለን” አለ። በቃ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ጠላ ሻጯ “ውይ፣ አዋረዳቸው” አለች። እኔ ፊልሙን አቆምኩና ተኮፍሼ “ጥፋቱ የሽማግሌው ነው” አልኩ። “ደከመኝ ያለን ሰው አዎ ደክሞሃል፣ ውረድ ቢሉት ምን ክፋት አለው? ለወጉ እየተለመነ የሚቀመጥ መሪ ነው አገር የሚገድል።”

ልብስ ሰፊው ድንቹን ጣል አደረገና ዞሮ አየኝ። “ይህ ለማንኛውም ማኅበር ይሠራል?” አለ።

“ለማንኛውም” አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እዚህ ላይ የዕድራችንን ወግ መናገር አለብኝ። በዓመቱ ስብሰባ መጨረሻ ላይ አባቴ ይነሡና ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ ያጋድማሉ። “እንግዲህ ደክሜያለሁ፤ ጎልማሳ ምረጡና አሳርፉኝ” ይላሉ። ሰው ሁሉ “እርስዎ እያሉ? እንዴት ተደርጎ?” ይላል። እሳቸው እንቢ ይላሉ፣ ሰው ይለምናል፣ እንደገና እንቢ ይላሉ። በሦስተኛው፣ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ሰውዬ ይነሡና ከዘራውን አንሥተው በእጃቸው ያስይዟቸዋል። ሰው ያጨበጭባል፣ ንፍሮው ይታደላል። በየዓመቱ እንዲሁ ነው። ሲጀመር ማለቂያውን የማያውቅ ሰው የለም። አባቴ “መልካም ሥራዎን አይተናል” የሚባለውን በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰሙት በዚህ ነው፤ ሌላ ደመወዝ የላቸውም።

ከዘራ የሚያነሡት ሽማግሌ ባለፈው ክረምት ሞቱ። ዝናብ ውስጥ ቆመው ያስቀበሯቸው አባቴ ራሳቸው ናቸው። በምትካቸው ማን ይነሣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

የዘንድሮው ስብሰባ ደረሰ። አባቴ የክት ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ፤ ጠዋት ባለቤቴ ጫማቸውን ስትወለውልላቸው አይቻለሁ። ነገሩ ሁሉ አለቀና እንደ ልማዳቸው ተነሡ፣ ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ፣ “እንግዲህ ደክሜያለሁ” አሉ።

ሰው “እርስዎ እያሉ” ለማለት አፉን ሲከፍት ልብስ ሰፊው ብድግ አለ። አዲስ ኮት ለብሷል፤ ምክትሉ የሚለብሳትን ኮት ልክ በልክ ሰፍቷታል። ሄደና የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። “አባታችን፣ ፈቃድዎን እናከብራለን” አለ። ቀድሞ ያዘጋጃቸው ሁለት ሰዎች ከኋላ “ትክክል ነው፣ ይረፉ” አሉ።

አባቴ እጃቸው በሰውዬው እጅ ውስጥ እንዳለ ከዘራውን አዩ። ከዚያ ሰዉን አዩ። ጠላ ሻጯ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ “ተነሣ እንጂ” አለችኝ ቀስ ብላ።

ልነሣ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ቀደመኝ። “ይህ የኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ልጃቸውም፣ የተማረው ሰው፣ ደከመኝ ያለን ሰው ማሳረፍ ነው ብሎናል። ዋሸሁ?” አለና ወደ እኔ ዞረ። ሰዉም ዞረ። አባቴም።

“ያልኩት ስለ ፊልም ነው” ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። ሄጄ ከዘራውን ማንሣት ደግሞ አንድም ቃል አይፈልግም ነበር። ግን ሰፈሩ ሁሉ ዐዋቂ ነው የሚለኝ ሰው ቃሌን ላጥፍ አፈርኩ፤ ለአባቱ ሹመት የሚለምን ልጅ እንዳልባልም ፈራሁ። አቀርቅሬ የጫማዬን ማሰሪያ አየሁ። ያን ሁሉ እሑድ አልዘጋ ያለ አፌ በዚያች ሰዓት ተዘጋ። መምህሩ ከተኙበት ነቁና “ይኼማ የታወቀ ነው” አሉ።

አባቴ ያለ ከዘራ ወጡ። እስከ ቤት ድረስ ጭቃ ነው። ባጃጅ ልጥራ ብላቸውም የሰው አጥር እየያዙ ሄዱ። ከዘራውን እኔ ከኋላ ይዤ መጣሁና ክፍላቸው በር ሥር አቆምኩት። ሲነጋም እዚያው ነበር። እስካሁንም እዚያው ነው።

ከዚያ አስተያየት ሰጪው ይጎርፍልኝ ጀመር። “ግፍ ነው” የሚለኝ፣ “እኔኮ ልናገር ነበር” የሚለኝ፣ “ወጉን አፈረሰው” የሚለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ደሜ ፈላ፤ ግን ማንን ልሳደብ? ከውሾቹ ሁሉ ለጅቡ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰፈራችን ለቅሶ ሆነ። በዚያው ስብሰባ በአባቴ ቦታ የተተካው አዲሱ ዳኛ፣ ልብስ ሰፊው፣ ያቺን ኮት ለብሶ፣ አግዳሚ ሳይደረደር ንግግር ጀመረ። “ወንበር ለተቀመጠበት ሳይሆን ለቆመለት ነው” አለ፤ ተርጓሚው ከሆዱ ያወጣት ነገር ናት፤ ሚኒስትሩ በዚያ ሰዓት ዝም ብሎ ውኃ ነበር የሚጠጣው። ድንኳኑ በሩን ለነፋሱ ሰጥቶ ስለተተከለ ዝናቡ ከነፋሱ ጋር ሐዘንተኞቹ ላይ ገባ። አባቴ እንደ ማንኛውም አባል በጊዜ መጥተው ነበር። ዞረው ከኋላ ያለውን ገመድ ፈቱና ሸራውን በነፋሱ በኩል አውርደው አሰሩት። እኔን እንኳ ያዝ አላሉኝም።

ፊልሙ አንድ ክፍል ይቀረው ነበር። እሑድ ሲደርስ ሰዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ መጡ፤ ልብስ ሰፊውም ጭምር። ላባርረው ይገባ ነበር። ምን ብዬ? ባለቤቴ ድንች አልቀቀለችም፤ “ፓርላማህ” የምትለውንም ተወች።

ልንጀምር ስንል አባቴ ገቡ። ቤቱ ሁሉ “ኖር” ብሎ ተነሣ። “በእግዜር፣ ተቀመጡ” አሉና በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ወንበር ብለቅላቸው አልፈለጉም። ፊልሙን አንድ ጊዜም ፊታቸውን ሳይመልሱ አዩ። ምክትሉ ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ደወል ተደወለ፣ ተጨበጨበ። ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ብቻቸውን አንድ ደጃፍ ላይ ቆመው መኪና ሲጠብቁ ይታያሉ። ከዚያ አለቀ።

ልብስ ሰፊው “ሰው ማለት ይኼ ነው፤ የሚፈልገውን ያወቀ” አለ። መምህሩ “ብዬ አልነበረም?” አሉ። እኔ ሪሞቱን አስቀመጥኩ።

ጠላ ሻጯ ወደ አባቴ ዞረችና ሆን ብላ “እርስዎስ ዳኛችን፣ ምን ይላሉ?” አለች። ልብስ ሰፊው የኮቱን ቁልፍ ይነካካ ጀመር።

አባቴ እሷንም እሱንም አላዩም፤ እኔን ነው ያዩኝ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ያናገሩኝ የመጀመሪያ ቃል ነበር።

“እኔ የፊተኞቹን ክፍሎች አላየሁም፤ አንተ ታውቃለህ። ለመሆኑ ያ ሽማግሌ ልጅ የለውም?” አሉኝ።

“የለውም አባባ፤ በፊልሙ ውስጥ አልተነሣም” አልኩ።

“ታድሎ” አሉ።

ከዚያ የበሩን መቃን ይዘው ተነሡና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።